የዕድሜ ጭማሪ

ለውጡ መጣ በተባለ በዓመቱ ገደማ፣ ተዘግቶ የቆየው የዓረብ አገር ጉዞ በሕግ ተከፈተ። እኔ ያኔ ሐይቅ ከተማ በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ውጭ የሚሄዱ ሴቶችን እመዘግብ ነበር። መታወቂያ አያለሁ፣ የስምንተኛ ክፍል ማስረጃ አያለሁ፣ ከዚያ ማኅተም እመታለሁ። ከበላይ የመጣልን ዕቃ አንድ ትልቅ ፖስተር ብቻ ነው፤ «ሕገወጥ የሰዎች ዝውውርን በጋራ እንከላከል» ይላል። ስሰቅለው ወንበሩን ይዞ «ትንሽ ወደ ግራ፣ እህት ዓለም» እያለ ያስተካከለልኝ ባለጉዳይ ደላላ ነበር።

ደላላ መሆኑን ግን አላወቅኩም። አጎት ነኝ ነው ያለኝ። የእህቱን ልጅ ሊያስመዘግብ መጥቶ አስመዘገበ። በሳምንቱ ሌላ የእህቱን ልጅ ይዞ መጣ። አምስተኛዋ ላይ ስንደርስ ግማሾቹ የእስላም፣ ግማሾቹ የክርስቲያን ልጆች ሆኑብኝ፤ ሁሉም ከየቀበሌው።

«ስንት እህት ነው ያለህ?» አልኩት።

«ወሎ እኮ ነው፣ እህቴ። እዚህ ዘመድ ያልሆነ ማን አለ?»

ይሄን እንዴት ብዬ ልከራከረው? ማኅተሙን መታሁ።

ስድስተኛዋ ከእናቷ ጋር መጣች። እናትየዋን አውቃታለሁ፤ ገበያ ሽንኩርት የምገዛው ከእሷ ነው። ልጅቷ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራቧን እንደለበሰች ነው። መታወቂያዋ ግን ሃያ አምስት ዓመት ይላል።

«እህቴ፣ አንቺ ራስሽ ስንት ዓመትሽ ነው?» አልኳት እናትየውን።

«እኔማ የድርቁ ጊዜ፣ በሰባ ሰባት ነው የተወለድኩት።»

በጣቴ ቆጠርኩ። ሠላሳ አራት።

«እና ይቺን በዘጠኝ ዓመትሽ ወለድሻት?»

እናትየዋ አጎት ተብዬውን አየችው። እሱ ጣራውን አየ።

«አላህ ካለ ምን ይሳነዋል» አለች በመጨረሻ።

ልጅቷን ሳቅ አመለጣት። ያ ሳቅ ከአሥራ ስድስት ዓመት አያልፍም።

ውሉን ገለጥኩ። የአሠሪው ስም ያለበት ቦታ ባዶ ነው። አጎት ተብዬውን ማን ዘንድ ነው የምትሠራው ስለው፣ «እዚያ ስትደርስ መጥተው ይመርጧታል» አለኝ፣ ስለ በግ እንደሚያወራ ሰው። የጎረቤቴ ልጅ ትዝ አለችኝ። እሷንም መጥተው መርጠዋት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ስትመለስ ቀኝ እጇ እስከ ክንዷ ተቃጥሎ ነበር፤ በምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ለእናቷ አልነገረችም።

ወደ ኃላፊዬ ገባሁና ነገሩን አስረዳሁ።

«መታወቂያው የቀበሌ ማኅተም አለው?» አለኝ።

«አለው።»

«ታዲያ አንቺ የምትመዘግቢው ሰው ነው ወይስ ወረቀት?»

በማግስቱ አጎትየው ጠዋት በር ላይ ጠበቀኝ። የእናትየውን አዲስ መታወቂያ ይዟል። አርባ አራት ዓመት። «ስህተቱ የእሷ ነበር፣ ታርሟል» አለኝ። ወደ ገበያ ስወጣ ሴትየዋ በአንድ አዳር አሥር ዓመት አርጅታ እንደ ወትሮው ሽንኩርቷን ትሸጣለች።

«ምን ላድርግ?» አለችኝ ቀና ብላ ሳታየኝ። «አባቷ የለ። ከእሷ በታች ሦስት አሉ። ሰውየው አብሽሪ ይለኛል። ደግሞ ፓስፖርቷ እሱ ጋ ነው። እናቴ ብትሰማ ግን ትገድለኛለች።»

«እናትሽ የት ናቸው?»

«አምባሰል።»

እኔ እምቢ የምልበት ሕጋዊ ምክንያት አልነበረኝም። ስለዚህ ዋሸሁ። አጎትየውን «ቅጽ አሥራ አራት ለ ይጎድላል» አልኩት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የአጎትነት ማረጋገጫ።»

እንዲህ የሚባል ቅጽ በምድር ላይ የለም። «ለ» ያልኩት «ሀ»ን ፍለጋ እንዲደክምልኝ ነው። ሰውየው አመስግኖኝ ሄደ። እኔም በአምባሰል ሰው አፈላልጌ ባገኘሁት የአያትየው ጎረቤት ስልክ ደውዬ አስጠራኋቸውና አንድ ነገር ብቻ ነገርኳቸው፤ «ልጅዎ አርባ አራት ዓመት ሞልቷታል።» «ነገ እመጣለሁ» አሉ።

በማግስቱ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። ላቡን እየጠረገ ወረቀት ዘረጋልኝ። ከላይ በደማቁ «ቅጽ 14/ለ፣ የአጎትነት ማረጋገጫ» ይላል። ሠንጠረዥ አለው። «የአጎት ፊርማ» የሚል መስመር አለው። ሦስት መሥሪያ ቤት ማኅተም መትቶበታል።

«ሀ የሚባለው ቀርቷል ብለውኛል» አለኝ።

ኃላፊዬ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ አነበበው። «ጥሩ ቅጽ ነው» አለ። «ለሁሉም ለምን አናደርገውም?»

አያትየው የደረሱት በዚህ መሀል ነው። የግሸን ሰሞን ስለነበር ሚኒባስ ጠፍቶ ከንግሥ በሚመለስ አውቶቡስ ቆመው ነው የመጡት፤ ተሳላሚው ለማርያም እልል ሲል እሳቸው በነቢዩ ሰለዋት እያወረዱ። እናትና ልጅ ከኋላቸው ገቡ። አያትየው አልተቀመጡም።

«ልጄን አርባ አራት ያደረጋት ማን ነው?»

«እማማ፣ አይቆጡ» አለ አጎትየው። «የእርስዎንም እናስተካክላለን። ስልሳ ሁለት ብናደርግዎ ይገጥማል።»

«ከዚያስ? እናቴ ሞታለች። መቃብሯ ድረስ ሄደህ ልትጨምርላት ነው?»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሳቀ። አያትየው አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ በድርቁ ይቺን በጀርባዬ አዝዬ እርዳታ ተሰልፌያለሁ። ዓመትም አልሞላት፤ እንደ ላባ ትቀል ነበር። ወረቀቱ እውነት ከሆነ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። የአሥር ዓመት ልጅ አዝዬ ነው የተሰለፍኩት? ያን ቀን አላህ ያየውን ቀበሌ ይሰርዘዋል?»

እናትየዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አያትየው ቅጹን ከጠረጴዛዬ አነሱና ለልጅ ልጃቸው ሰጧት።

«አንብቢልኝ።»

ልጅቷ አነበበች፤ አመልካቹ የእናትየዋ የሥጋ ወንድም መሆኑ ተረጋግጧል ይላል።

አያትየው የሰውየውን የእጅ አንጓ ያዙ። «የእሷ ወንድም ከሆንክ የእኔ ልጅ ነሃ። መቼ ነው የወለድኩህ?»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ለሥራ ነው...»

«ወላሂ፣ ልጅ እያለኝ ብቻዬን ስለፋ ኖሬያለሁ! ና በል ተነሥ፣ ጤፌን አረም ውጦታል። ፓስፖርቷን አውጣና እንሂድ።»

እጁን አለቀቁትም። ኃላፊዬ እንኳን ሳቁን መያዝ አቃተው። ሰውየው በግራ እጁ ኪሱን ፈትሾ ፓስፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለና አንጓውን መንጭቆ ወጣ። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ በመስኮት አየሁት። ከዚያ በኋላ የማንም አጎት ሆኖ ቢሮዬ አልመጣም።

ልጅቷ ግን አላመሰገነችኝም። አለቀሰች። አጎትየው ቀድሞ ካስመዘገባቸው አምስቱ አንዷ የክፍሏ ልጅ ነበረች። «እሷንስ ለምን አላስቀሯትም?» አለችኝ። በአምስቱም ወረቀት ላይ ማኅተም የመታሁት እኔ ነኝ። የዚያኑ ሳምንት የአምስቱን ስም ጽፌ አድራሻቸው እንዲጣራ ለበላይ አካል ላክሁ። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ፤ ማመልከቻዬ ቅጽ 14/ለ ስላልተያያዘበት መመለሱን ይገልጻል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማው ሲለቀቅ እኛም ከሕዝቡ ጋር በእግር ወደ ደሴ ወጣን። በወራት ልዩነት ስንመለስ ቢሮው ውስጥ በርም፣ ወንበርም፣ መዝገብም የለም። ወረቀቱ እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ተበትኗል፤ ዓሣ ሻጮች ይጠቀልሉበታል። ሰው ሁሉ አዲስ መታወቂያ ሊያወጣ ሲሰለፍ እያንዳንዱ የነገረን ዕድሜ ተጻፈለት። እናትየዋ ተራዋ ሲደርስ የተወለደችበትን ዓመት ትክክል ተናገረች።

ልጅቷ ሃያ ሲሞላት ብቻዋን መጣች። ልሄድ ነው አለችኝ። እንዳትሄድ ለመንኳት። «እዚህ ምን ቀረልኝ?» አለችኝ፤ የእናቷ መደብ እንኳን ተቃጥሎ ነበር። ይዛ የመጣችው ውል የአሠሪዋ ስም፣ የቤቱ አድራሻና ስልክ አለው። እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ያልገባትን አስደገመችኝ። ከዚያ ማኅተሙን መታሁ።

አሁን ጅዳ ናት። ጁምዓ ጁምዓ ለእናቷ ትደውላለች። ባለፈው ወር ሽንኩርት ስገዛ እናትየዋ ልጇ ደመወዟን በእጇ እንደምትቀበል፣ ፓስፖርቷም በራሷ ሻንጣ ውስጥ እንዳለ ነገረችኝ። ስለ ፓስፖርቱ ሁለቴ ጠየቅኳት።