ጋሽ ቢሆነኝ ያላዩት ሠርግ

የቡሬው ማሲንቆ መቺ ጋሽ ቢሆነኝ ስንቷን ሙሽራ እየዘፈኑ ሸኝተዋል መሰላችሁ። ጥር ከገባ ቤታቸው አያውቃቸውም ነበር። የገዛ ልጃቸው ትርሲት የተዳረች ዕለት እንኳ አንድ ሀብታም መራዊ ላይ ለሠርጉ ጠራቸውና «ግድ የለም፣ ለመልሱ እደርሳለሁ» ብለው ሄዱ። ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው ሲሉ መልሱም አለፈ። እንዲያው ምን ይባላል።

ይኸው ስልሳን ሲሻገሩ የሰው ድግስ ማድመቁ ታከታቸው። ፍኖተ ሰላም አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ገብተው የራሳቸውን ሕይወት ብቻ የሚያወራ አልበም መቅረጽ ጀመሩ። ጦሙን ስላደረው መሬታቸው፣ ስለ ጠጁ፣ ሳይታረቋት ስለሞተችው ሚስታቸው፣ አንድም አልደበቁም። የመጨረሻው ዘፈን የትርሲት ነበር፤ አንጀታቸውን የሚበላቸውም እሱ ነው።

«ነጭ በቅሎ ጫኑላት፣ ልጄን እንዳይደክማት፣
እኔ ከፊት ሆኜ እየዘፈንኩላት።»

እሷ ሳትሰማው አይወጣም አሉና በስልካቸው ይዘውት ቆጋ መስኖ ድረስ ሄዱ። ትርሲት ከባሏ ጋር የምታለማው መሬት ላይ ሽንኩርት ስትነቅል አገኟት። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ስልኩን ተቀበለች። አባት ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለው ፊቷን ፊቷን ያያሉ። ይቅር ትለኝ ይሆን ነው ነገሩ፤ አልበሙ ሰበብ ነው።

ዘፈኑ ሲያልቅ ስልኩን መለሰችላቸው።

«ደስ ይላል፣ አባዬ» አለች። «በቅሎ ግን አልነበረም። ባጃጅ ነው የመጣልኝ። ዳገቱን እንቢ ሲል ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።»

«አስተካክለዋለሁ። ባጃጅም ይዘፈንበታል» አሉ ቶሎ ብለው። «ከፊትሽስ ማን ዘፈነልሽ?»

«ማንም። ሚዜዎቹ ስፒከር ተሸክመው የእርስዎን ዘፈን ከፈቱ። ሰው ይጨፍራል፤ እኔ ድምፅዎን ስሰማ የመጡ እየመሰለኝ ዞር እያልኩ አይ ነበር።»

ይቅር ብያለሁም፣ አላልኩምም አላለች። ጋሽ ቢሆነኝም ማሳው ላይ አብረዋት ከሚሠሩት ሴቶች መሀል ገብተው እስኪመሽ ሽንኩርት ነቀሉ።

በማግስቱ ወደ ስቱዲዮው ተመልሰው ድምፃቸውን ከዚያ ዘፈን አስወጡት። አሁን አልበሙ ወጥቶ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለ ባጃጁ ሁሉ ይከፍተዋል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ማሲንቆው ብቻውን ይጫወታል።

«ጋሼ፣ የዚህኛው ግጥሙስ የት ሄደ?» ይሏቸዋል።

«እኔ እዚያ አልነበርኩም» ይላሉ።