የፊቱ ሃያ ስምንት፣ የኋላው ሃያ አምስት

ደስ ይበላችሁ፣ ጎማው ገባ! መግባት ብቻ አይደለም፤ ፍሬኑን ሳይነካ ሽው ብሎ ዞረ። ቅዳሜ የሚመጣው ገዢም እግሩን አያድክም።

የምሥራቹ የዋርሳዬ ነው፤ የሟቹ ታናሽ ወንድሜ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ። ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ሽቦ» ይለው ነበር፤ ቀጭን ነው፣ ግን ቢጠመዝዙት አይሰበርም። ያንን ሽቦ ሕመም አጣጥፎ ከወሰደብን ዓመት አለፈው። ኮርሳ ብስክሌቱ ግን ከስፌት መኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ልብስ የሚለካ ደንበኛ ግንባሩን እንዳይመታ ጎንበስ ይላል እንጂ እሷ አታወርደውም። ልጇ ለመነች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻ ገዢ ፈልጋ አመጣች።

«እማ፣ እሱን ቀና ብለሽ ባየሽ ቁጥር ምግብሽን ትተዪዋለሽ። ቅዳሜ ይወስደዋል፤ አለቀ።»

«አንዴ ልንዳው» አለች ዋርሳዬ። «ካቃተኝ ይውሰደው።»

መንዳት ያስተማራት ራሱ ወንድሜ ነው፤ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ፣ እየሳቀ። አወረደችውና ወጣች። ጎማው እንደ ጣት ቀጥኗል፣ በዕድሜ ብዛት ተሰነጣጥቋል፤ መንገዳችን ደግሞ ጥርስ የሚያራግፍ ኮረኮንች። ማዕዘኑ ላይ ወደቀች። ሮጬ ስደርስ ክርኗ ተልጦ ደም ይንጠባጠባል፤ እሷ ግን ክርኗን አታይም።

«አልፈለገኝም፣ እትዬ። ጣለኝ።»

«ብስክሌት ምን ያውቃል? ጎማው ነው! ሰፋ ያለ እናስገባለታለን።»

ግን ሰፋ ያለ ማለት ስንት ነው? የድሮው ጎማ ጎን ላይ የነበረው ቁጥር ተፍቆ ጠፍቷል። ዋርሳዬ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ልብስ ሰፊ አይደለች? ሜትሩን በጎማው ጀርባ ላይ አልብሳ፣ እንደ ሰው ወገብ ጉብታውን ተከትላ ለካችው። ሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትር! ከዚያም እንደ ቀሚስ ትርፍ ይኑረው ብላ ሠላሳ ስምንት ገዛች።

ሽማግሌው ጎሚስታ ጎማውን አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ለኮርሳው ነው ለትራክተር?»

«ለክቼ ነው የገዛሁት፣ አባባ!»

«በምን ለካሽው?»

ሜትሯን አሳየቻቸው። ሳቃቸው እንዳያመልጥ ጢማቸውን ያዙ። «የኔ ልጅ፣ ጎማ ከጎን እስከ ጎን በቀጥታ ነው የሚለካ። ይሄ አሮጌው ሃያ ሦስት ነው። ቀሚስ ልትሰፊለት ቢሆን ኖሮ ልክ ነበርሽ።»

እኔማ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ወንድሜ ከሞተ ጥርሷን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ጣታቸውን በጎማውና በፍሬኑ መሃል አስገብተው ሞከሩ። «ከኋላ ክፍተቱ ጠባብ ነው፤ ከሃያ አምስት በላይ ይፋተጋል። የፊቱ ሃያ ስምንት ይይዛል። እጅሽን የሚያንቀጠቅጥሽ የፊቱ ነው፤ እሱ ይስፋልሽ። ነፋሱንም እንደ ድሮው አታወጥሪው፤ ላላ ሲል ኮረኮንቹን ይውጠዋል።»

«አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን?» አልኩ።

«እንደ ባልና ሚስት» አሉ። ወዲያው ምላሳቸውን ነከሱ። ዋርሳዬ ወደ ደጅ አየች።

ሠላሳ ስምንቱን መልሰን፣ ያሉንን ገዝተን መጣን። የኋላውን አሮጌ ጎማ ሲያወልቁ ከውስጡ ጨርቅ ወጣ። መዳፍ የሚያህል አረንጓዴ ጨርቅ፣ ዳሩ በመቀስ የተከረከመ፣ ጎማው የተቀደደበት ላይ ከውስጥ የተለጠፈ።

«ጎማ ሲቀደድ የውስጡ ላስቲክ እንዳያፈተልክ እንዲህ ይደረጋል» አሉና ሊጥሉት ሲሉ ዋርሳዬ ከእጃቸው ነጠቀቻቸው።

«የዘበኛው ኪስ!»

አወቅነው። አንድ ጊዜ ለአንድ ዘበኛ ዩኒፎርም ስትሰፋ፣ የቆረጠችው ኪስ ከጠረጴዛው ጠፍቶ ቤቱን ገለባብጣው ነበር። ወንድሜ «አይጥ ይሆናል» ሲላት፣ «አይጥ በመቀስ ነው የሚቆርጠው?» ብላ አኮረፈችው።

«ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር የምተኛው፣ እትዬ» አለች፣ ጨርቁን ጉንጯ ላይ ጭና። «ለኪስ! ጎማዬ ተቀደደ ቢለኝ ምን ነበረበት? ደህና ነው፣ አዲስ ነው ይለኝ ነበር።»

ይሄኔ አፌ አልዘጋ አለኝ። ወንድሜ አትንገሪያት ብሎ አስምሎኝ ነበር። ግን አሁን ለማን ብዬ ልደብቅ? «ለጎማ ያስቀመጠውን ገንዘብ ለስፌት መኪናሽ ሞተር ገዛበት። ፔዳሉን ስትረግጪ ስታድሪ እግርሽ ያብጥ አልነበር?»

መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ከነቀሚሷ፣ የቅባቱ ኩሬ ዳር። ትከሻዋ ብቻ ይነሣል፣ ይወድቃል። ሽማግሌው ፊታቸውን አዙረው የጠበቀ ብሎን ደግመው አጠበቁ።

ከዚያ ተነሥታ፣ «አባባ፣ ይሄን አዲሱ ጎማ ውስጥ ይመልሱልኝ» አለቻቸው።

«ጉብ ይልና ያንገጫግጭሻል፣ ልጄ።»

«ያንገጫግጨኝ።»

«ይጥልሻል እኮ!»

 ከዚያ ከደረቷ ላይ መርፌና ክር አወጣች፤ መቼም አይለያትም። ጨርቁን የመሪው እጀታ ላይ፣ መዳፏ የሚያርፍበት ጋ፣ ጠቅልላ ሰፋችው። ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀጥ ያለ፤ እንባዋ እየወረደ እንኳ አንድ መርፌ አልሳተችም።

ወጣች። እኔም በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ እንደ ወንድሜ ኮርቻውን ከኋላ ይዤ ሮጥኩ።

«አልተውሽም!» አልኳት እያለከለክሁ።

«ተዪኝ፣ እትዬ!»

ተውኳት። ኮረኮንቹ ላይ ገባች፤ የፊቱ ጎማ ዋጠው። የወደቀችበት ማዕዘን ጋ ደረሰች። ዘንበል አለች፣ ታጠፈች፣ ከዓይኔ ራቀች። ከግድግዳው ኋላ ድምፅዋ መጣ፤ እየጮኸች ታለቅሳለች፣ ስሙን እየጠራች፣ «አይጤ!» እያለች። ግን የጎማው ድምፅ አልቆመም፤ ሄደ፣ ሄደ።

ወንድሜ ይህን ሳያይ!

ልጇ ገና አልሰማችም። ለገዢው ሳትደውል ልድረስባት፤ ነጠላዬስ የት ገባ? ይቅር፣ እንዲሁ ልሩጥ!