ሊበን ሰፊው እና ሐምሌ ሠላሳ

ሊበን ድሬዳዋ ውስጥ ቀፊራ ገበያ ዳር ባለች በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል። ይሰፋል እንበል እንጂ። ከስፌት መኪናው ራስጌ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት ክር በመርፌ ከማስገባቱ በፊት ጠመኔ ያነሳና “በዛሬዋ ቀን” ብሎ በዚያ ዕለት በዓለም የሆነውን ይጽፍበታል። ሐምሌ 13 የሄደ ደንበኛ፣ በ1961 የሰው ልጅ ጨረቃን መርገጡን ሳይሰማ ወገቡ አይለካለትም።

የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ የሚመልሰው በልብስ መለኪያው ሜትር ነው። አንዱ ሴንቲ አንድ ቀን፣ ሠላሳው ሴንቲ አንድ ወር። ሜትሩን በአውራ ጣቱ እየገፋ ሲያጉተመትም ያየ የጸሎት መቁጠሪያ፣ ሙስበሃ፣ የሚቆጥር ይመስለዋል። አንድ ቀን የእኔን ወገብ ሲለካ መሀል ላይ ታሪክ ትዝ አለውና እዚያው ሜትር ላይ መቁጠር ጀመረ። ሱሪው በስምንት ቀን፣ ማለት በስምንት ሴንቲ፣ ሰፋኝ። እንዲያጠብልኝ ከመለስኩለት ሦስት ወር አልፎታል።

የሚያናድደው፣ ጨረቃ የተረገጠችበትን ቀን የሚያውቅ ሰው የሱሪን ቀን አይናገርም። “መቼ ልምጣ?” ካሉት “ሲያልቅ” ይላል። “ነገ ልምጣ?” ካሉት ፊቱን ወደ መኪናው ያዞራል። ድሬ ውስጥ “ነገ” የማይል ልብስ ሰፊ እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ቢዋሹም ይሉታል። ለእህቴ ለኻድራ ሰርግ ያዘዝኩትን ኮት የተረከብኩት የመጀመሪያ ልጇ ስም በወጣለት ሳምንት ነው። ስንፍና ነው ብዬ አማሁት፤ ደህና አድርጌ አማሁት።

ከሰሌዳው ፊት የማትጠፋው ሃዎ ናት። በረንዳው ፊት ለፊት ቅመም ትሸጣለች። ፊደል ስላልቆጠረች በየጠዋቱ ሊበን ያነብላታል፣ እሷም ትተርበዋለች።

“ወሪያ ሊበን፣ ሰዎቹ ጨረቃ ደርሰው ተመለሱ። የባሌ ሽርጥ ግን አንድ ስፌት ጠፋለት?”

ዘንድሮ፣ በ2018፣ ሐምሌ 30 ጠዋት ለሱሪዬ ስሄድ ሃዎ ቀድማኝ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሊበን ያነባል።

“በ1937 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ተጣለ። በ1954 ጃማይካ ነጻ ወጣች።”

“ቀጥል” አለችው።

“አበቃ።”

“በዚህ ቀን ሁልጊዜ ጃማይካን ታነብልኛለህ። ጃማይካ ዘመዴ ናት እንዴ?”

በ1998 በዚያች ቀን፣ ሊነጋ ሲል፣ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከተማውን ሲመታ የሃዎን የአሥር ዓመት ልጅ ኪንሲን ወስዷታል። ይህን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም። የዓለሙን ቀን ሁሉ የሚጽፈው ሊበን ግን ይህችን ሆድ ይፍጀው ብሎ ሲዘላት ኖሯል። እኔ ለእሷ አዝኖ ይመስለኝ ነበር።

“ልጄ ለሰሌዳህ አትበቃም?” አለች ሃዎ። አሁን ቀልድ የለም። “እኔም አርጅቻለሁ። ስሞት ስሟን ማን ይጠራዋል? ጻፋት።”

ሊበን ጠመኔውን አላነሳም። ጎንበስ ብሎ የመኪናውን መሳቢያ ሳበና በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሰማያዊ የልጅ ቀሚስ ነው፤ ግርጌው አልታጠፈም።

“በጎርፉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መጥታ ነበር” አለ። “አልደረሰልኝም። ነገ ነይ አልኳት።”

ስንፍና ነው ብዬ ያማሁት ሁሉ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ሃዎ ቀሚሱን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። በመዳፏ ደጋግማ አስተካከለችው።

“ነግራኛለች” አለች በመጨረሻ። “ወላሂ፣ ‘ነገ አዲስ ቀሚሴን እለብሳለሁ’ እያለች ነው እንቅልፍ የወሰዳት። ደስ ብሏት ነው የተኛችው፣ ሊበን። በአንተ ነገ ነው ደስ ያላት።”

ሊበን ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ተነሳ። ቦታ ስላነሰው ጃማይካን አጠፋት። “በ1998 ደቻቱ ሞልቶ ብዙ ሰው አለቀ። የሃዎ ልጅ ኪንሲ፣ የአሥር ዓመት ልጅ፣ በዚያች ቀን ሄደች” ብሎ ጻፈ። ሃዎ ሦስት ጊዜ አስነበበችው። ከዚያ ቀሚሱን አጣጥፋ መኪናው ላይ አስቀመጠችለት።

“እንግዲህ ጨርሰው። የልጅ ልጄ ሃምዳ ልክ አሥር ሞልቷታል። መቼ ልምጣ?”

ሊበን ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በጣቶቹ መሀል ያዘው። እኔን አየኝ፣ ሰሌዳውን አየ።

“ነገ” አለ።

የእኔ ሱሪ መቼ እንደሚያልቅ ሳልጠይቀው ወጣሁ።