የአባቴ ቢላዋ

ሆዳም ነኝ። ሰው ይህን ሲናገር አንገቱን ይደፋል፤ እኔ አልደፋም። ሶዶ ውስጥ የትኛው ሥጋ ቤት መቼ ጥሩ በሬ እንደሚጥል ከሰፈሬ ሰው ሁሉ ቀድሜ የምሰማ እኔ ነበርኩ። ቢሮ ውስጥ ግምገማው ሲረዝም ሂስና ግለ ሂሱን ለሌሎች ትቼ በልቤ ሽንጥ ከጎድን አማርጥ ነበር። ይህን ጠባይ የወረስኩት ከአባቴ ነው። ስለዚህ እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ መብላት ሲያቆም፣ ከልጆቹ ሁሉ ይበልጥ የደነገጥኩት አብሬው የምኖረው እኔ ነበርኩ።

ጊዜው ባጃጅ በሶዶ መንገድ ላይ ገና ብርቅ የሆነበት ሰሞን ነው። እናቴ ያረፈችው በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነበር። ፋሲካ መጣ፣ ጾሙ ተፈታ፤ አባቴ ግን እንደጾመ ቀረ። ምግብ ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ ይጎርስና "በቃኝ" ይላል። ቀበቶው አልይዝ ቢለው በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳለት። ዱቦ ሆስፒታል ወስጄ አስመረመርኩት። ሐኪሙ ደሙንም ሆዱንም አይቶ፣ "በሽታ የለባቸውም። ካልበሉ ግን እኔ የምሰጣቸው መድኃኒት የለኝም" አለኝ። በሚኒባስ ስንመለስ ትከሻው ትከሻዬን ሲነካኝ አጥንቱ ተሰማኝ፤ ፈራሁ። የሚመጣውን ቅዳሜና እሁድ ለእሱ ሆድ ብቻ ልሰጥ እዚያው ወሰንኩ። በከተማው ውስጥ የሚጥም ነገር ሁሉ ፊቱ ይቀርባል፤ አንዱ ባይሆን ሌላው አፉን ይከፍተዋል አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ ገበያ ወረድን፤ መጀመሪያ ወደ ቅቤ ተራ። በቅቤ ነገር ከእኔ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ተበላ ከምትባለው የቆላ ከተማ ገበያ የሚመጣው ሙዝና ማንጎ ነፍስ ያድሳል፤ ቅቤው ግን የቆላው ሙቀት መንገድ ላይ ያልፈሰፍሰዋል። ቅቤ ማለት ከገሱባ በላይ ካሉት የደጋ መንደሮች የሚመጣው ነው። እናቴም የምትገዛው ከዚያ ከምትመጣ አንዲት ሴት ነበር። ሴትዮዋ አባቴን ስታይ ተነስታ እጁን ያዘችው።

"አባባ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። እስቲ ቅመስ፤ እሷ የምትወደው ዓይነት ነው" አለችው። የእንሰት ቅጠሉን ፈታ ከቅቤው ቆነጠረችና፣ ለገዢ ሁሉ እንደሚደረገው፣ በእጁ ጀርባ ላይ አሳረፈችለት።

አባቴ እጁን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ቆየ። "ሁለት ቀን ያደረ ነው" አለ።

"ሐሙስ ነው የተናጠ! አፍንጫህ አልሞተም!" ብላ ሳቀች።

እሱም ፈገግ ሊል ነበር። እኔ ግን ጥቅሉን ሲያነሳ እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁና፣ "ተወው አባዬ፣ ይወድቅብሃል" ብዬ ተቀበልኩት። ዋጋውን እኔ ተነጋገርኩ። ቃሪያውንና ነጭ ሽንኩርቱንም እኔ መረጥኩ፤ እሱ ከኋላዬ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ስለ ምግብ አንድ ነገር ሲናገር የመጀመሪያው ቀን መሆኑን እንኳ ልብ አላልኩም።

ምሳ ሙቹዋ ጋበዝኩት፤ ቆጮውን በቅመም ቅቤ አሽተው፣ በሸክላ፣ አይብ ከጎኑ አድርገው አቀረቡልን። ቅቤው በጣቶች መሐል ይወርዳል። ሸሚዙን እንዳያበላሽ እያንዳንዱን ጉርሻ እየጠቀለልኩ አፉ ውስጥ አስቀመጥኩለት። ሦስተኛው ላይ ፊቱን አዞረ። "ጣፋጭ ነው፤ አንተ ብላ" አለኝ። በላሁ፤ አፍሬም ሆነ ተናድጄ፣ ሸክላው እስኪታይ በላሁ። እንዲህ ያለ ምግብ ፊት አፍ የሚዘጋ ሰው ምን ይደረጋል?

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የመጨረሻው ተስፋዬ ቁርጥ ነበር። አባቴ ከአርባ ዓመት በላይ ወደሚያውቀው ሥጋ ቤት ሄድን። ባለሥጋ ቤቱ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥቶ "ሳሮ ሳሮ! ጋሼ፣ ጠፋህ እኮ!" ብሎ በአገሩ ሰላምታ አቀፈው። ከዚያ ወደ ተሰቀለው ሥጋ ዞሮ፣ "ከየት ላውርድልህ?" አለው።

"ከሽንጡ አድርግለት፤ ለስላሳውን" አልኩ እኔ ፈጥኜ። አባቴ ከፍቶት የነበረውን አፉን ዘጋ።

ሥጋው ከዳጣው፣ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ ጋር ቀረበ። ቢላዋውን ይዤ፣ ለሕፃን እንደሚደረገው በጣም ደቃቅ አድርጌ ቆረጥኩና ፊቱ ከመርኩለት። አንድ አነሳ፣ ዳጣ ነካ አድርጎ ረጅም ጊዜ አኘከ። ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

"አባዬ፣ ስለ እግዚአብሔር ብላ" አልኩት። "ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል። አንተንም ልቅበርህ?"

ባለሥጋ ቤቱ ከሩቅ ሲያየን ቆይቷል። ከጎድኑ አንድ ሙሉ ቁራጭ አውርዶ መጣና የከመርኩትን ደቃቅ ሥጋ ወደ ጎን ገፋው። ሌላ ቢላዋ በሽርጡ ጠርጎ፣ እጀታውን ወደ አባቴ አዞረና አስቀመጠው።

"እኛ ጋር ሽማግሌ ተቀምጦ ልጅ ቀድሞ ሥጋ አይቆርጥም" አለኝ፤ ሳይቆጣ። "አንተ ታውቅ የለ እንዴ?"

አውቃለሁ። እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ሰው እንዴት አላውቅም! በዚህ አገር ሥጋ ሲቀርብ የመጀመሪያውን የሚቆርጠው ታላቁ ነው፤ ቆርጦም መጀመሪያ ለሌላው ይሰጣል። ያም ሆኖ እጄ በልማድ ወደ ቢላዋው ሄደ።

አባቴ መዳፉን ቢላዋው ላይ ጫነ።

"ከትናንት ጀምሮ ቅቤውን ከእጄ ወሰድክ። ሥጋውን መረጥክ፣ ቆረጥክ፣ አጎረስከኝ" አለ። "እናትህ እያለች የመጀመሪያውን ለእሷ ሳልቆርጥ በልቼ አላውቅም። አሁን የምቆርጥለት ሰው የለኝም። አንተ ደግሞ ቢላዋውን ወስደህ ብላ ትለኛለህ። እንዴት ብዬ ልብላ?"

ሁለት ቀን ሙሉ በከተማው ጣዕም ሁሉ ሳዞረው፣ የራበውን ነገር ከእጁ ስቀማ የነበርኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ።

"ያዝ" አለኝ።

የሥጋውን አንድ ጫፍ በሁለት እጄ ያዝኩ። እሱ ሌላውን ጫፍ ይዞ ቢላዋውን አሳረፈበት። እጁ መንቀጥቀጡን አልተወም፤ ቢላዋው ግን ከጎድኑ ላይ መንገዱን ያውቀው ነበር። የመጀመሪያውን ቆረጠና ትንሽ አሰበ። ዳጣ ነካ አድርጎ አጎረሰኝ። ከዚያ ለራሱ ቆረጠ፣ በላ። ደግሞ ለእኔ፣ ደግሞ ለራሱ። ስንት እንደበላ አላውቅም።

"አጥብቀህ ያዝ እንጂ" አለኝ አፉ ሞልቶ።

አጥብቄ ያዝኩና ተራዬን ጠበቅሁ።