ከቁልፉ በፊት

ኮምፒውተር ጠጋኙን ሰፈሩ «ዜመኛው» ይለዋል። ዊንጩን ሲያዞር ያንጎራጉራል፤ ዝም ካለ አንድ ነገር ጨንቆታል ማለት ነው። በዚያ ከሰዓት ዝም ብሎ ነበር።

ታናሽ እህቱ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። የምትሠራው ከባሎቻቸው ዱላ ያመለጡ ሴቶች በሚጠለሉበት ቤት ነው። ያመጣችው ሃርድ ዲስክ የአንዲቱን ሴት ምስክርነት በቪዲዮ ይዟል፤ ነገ ሌላ ከተማ ላለ ችሎት መድረስ አለበት። ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ሰንብቷል። መንገድ ላይ ሻንጣ ይፈተሻል፣ ባልየው ደግሞ ከፈታሾቹ መሀል ወዳጅ አያጣም።

ዲስኩን ሊያደርስ ውጭ የሚጠብቀው ሹፌር ጥሩምባውን ነፋ።

«ቆልፈው በቃ፣ ጋሼ! ሰውየው ሊያብድ ነው።»

«ይበድ። ስንቱን እብድ ሲነዳ አይተናል።»

ምስክርነቱን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ገልብጦ ዲስኩን ባዶ አድርጎታል። የቀረው ዲስኩን በምስጢር ቃል ቆልፎ ምስክርነቱን መልሶ መጫን ብቻ ነበር፤ ይህ ይበቃል ብሎም ነበር። ግን እጁ አላስችል አለውና የተሰረዘ ፋይል የሚያስሰውን ፕሮግራም ለቀቀበት።

ከባዶው ዲስክ የሴት ድምፅ ወጣ። «...አሁን ያለሁት ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው፣ ሰማያዊ በር...»

እህቱ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። «ምስክሯ ናት፣ አሁንም እዚያው ቤት አለች! ድሮ ሰርዤው ነበር እኮ!»

«የፋይሉን ስም ብቻ ነው የሰረዝሽው፣ እህቴ። ቁልፉም የሚሰውረው ከእንግዲህ የሚጻፈውን ነው፤ ካልተነካው ቦታ ያለው አሮጌው ተገልጦ ይቀራል።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንጎራጎረ፦

*ጠፋ ያልኩት ፍሙ መች ጠፋና ከቶ፣*
*ይጠብቀኝ ነበር ካመድ ስር ተኝቶ።*

«አሁን ዘፈን ነው የቀረን? ምን ይሻላል?»

«መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር ትርጉም በሌለው የዘፈቀደ ቁጥር መሙላት። ያኔ አሮጌው ይጠፋል፤ የተጻፈበትና ያልተጻፈበትም አይለይም። ግን ዲስኩ አዝጋሚ ነው፣ እስከ ነገ ይፈጃል።»

«ሌላ ዲስክ የለህም?»

«ያለኝ ሁሉ የደንበኛ አደራ ነው። የሰው ገመና ለፍተሻ ልላክ?»

ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። እህቱ ስልኳን አንስታ ለሴትየዋ ደወለች። አልደበቀቻትም፤ ዲስኩ ዛሬ ካልሄደ ችሎቱ ሊተላለፍ፣ ዛሬ ከሄደ ደግሞ ያለችበት ሊታወቅ እንደሚችል አንድ በአንድ ነገረቻት።

ሴትየዋ መለሰች። «ልጄ ዛሬ ገና በሩን ከፍታ ደጅ ተጫወተች፣ እታለም። ፍርዱ ይቆየኝ።»

ዜመኛው ሌላ ቃል አልጠበቀም፤ መሙላቱን አስጀመረ። እህቱ ወጥታ የመኪናውን መስኮት አንኳኳች።

«ሂድ፣ የሚላክ የለም።»

«እዚያ ሰው ይጠብቃል አላልሽም እንዴ?»

«ይጠብቃል» አለችው፤ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ውስጥ ተመለሰች።