ከቦሎኛ እስከ ያሽ

ዛምፊራን አውቃታለሁ ብዬ መጻፍ ይከብደኛል። አልፎ አልፎ ያሽ ከተማ አጠገብ ወዳለችው መንደራችን ስትመጣ በአጥር ላይ ሰላም ከመባባል አላለፍንም። የምጽፈው ታናሽ ወንድሟ ኮስታኬ ያወራልኝን ነው፤ እሱም ቢሆን እህቱን ጠንቅቆ የሚያውቃት አይመስለኝም።

ዛምፊራ ቦሎኛ በምትባል የጣሊያን ከተማ ውስጥ ከአልጋ የማትነሳ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ታስታምማለች። ሥራውን የያዘችው ሌኑጻ ከምትባል የአገራችን ሴት ጋር በፈረቃ ነው፤ ሦስት ወር አንዷ፣ ሦስት ወር ሌላዋ። ተተኪዋ በበሩ ሳትገባ ያለችው አትወጣም። ይህን ደንብ የጻፈው የለም፤ የሚያፈርሰው ግን አልታየም።

የእናታቸው ሕመም የጠና ዕለት ኮስታኬ ደወለ።

«እህቴ፣ እማማ እየደከመች ነው። ድረሺ።»

«ሌኑጻን ልጥራትና እመጣለሁ።»

«የምን ሌኑጻ! የሁለት ሰዓት በረራ እኮ ነው። እኔ ወፍጮ ቤት ደርሼ እስክመለስ አንቺ እዚህ ነሽ።»

«ሁለት ሰዓትስ ለአውሮፕላኑ ነው፤ እኔ መቼ ክንፍ አለኝ?»

ኮስታኬ ጆሮው ውስጥ የቀረችው ሁለት ሰዓት የምትለዋ ብቻ ነበረች። ሮጦ ገብቶ፣ «እማዬ፣ ዛምፊራ ልትመጣልሽ ነው፤ ሁለት ሰዓት ብቻ!» አላቸው። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ የበራ ሻማ በእጁ ሳይዝ የሞተ ሰው በጨለማ ሄደ ይባላል። እናቲቱ ከዚያ ወዲያ ሻማውን ከማንም እጅ አልቀበልም አሉ። ጎረቤታቸው እትዬ አግላያ ሻማ ይዘው ጠጋ ሲሉ፣

«ልጄ ታስይዘኛለች። አንቺን ምን አስቸኮለሽ?» እያሉ ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ።

ሌኑጻ ደግሞ አውሮፕላን ትፈራለች። ከአገር ቤት ተነስታ በሚኒባስ፣ በሃንጋሪ በኩል ዞራ፣ እግሯ አብጦ ቦሎኛ ስትገባ ማግሥቱም መሽቶ ነበር።

ኮስታኬ አሮጌ ዳቺያ መኪናውን ይዞ ያሽ አውሮፕላን ማረፊያ ጠበቃት። ዛምፊራ አንዲት ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥላ ወጣች። ፊቱን ስታየው የእናቷ ማረፍ ገባት።

«ሻማውን ይዛለች?»

«እትዬ አግላያ መጨረሻ ላይ አስያዟት፤ እምቢ ማለት ሲያቅታት። ጣቶቿ አልጨበጡትም። እሳቸው ናቸው እጇን በእጃቸው የደገፉት።»

መኪናው ውስጥ ገብታ ራሷን መቀመጫው ላይ ጣለች። ሱፍ አበባው ደርቆ አንገቱን የደፋበትን እርሻ አልፈው ብዙ ሄዱ። ኮስታኬም ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም፤ ሆኖም ዝም ማለት አልቻለም።

«ያቺ አሮጊት ልጅ የላትም? በሩን ቆልፈሽ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ ትተሻት ብትመጪ ምን ነበረበት?»

ዛምፊራ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

«እኔ እኮ ጠየቅኩሽ፣ እህቴ።»

«መንገዱን እያየህ ንዳ» አለችው።