ወደ ግራ የሚዞር አንገት

በጎንደርና በዙሪያዋ እንደ እኔ የሯጭ እግር የሚያነብ ሰው የለም። ይህን የምለው ራሴን ለማመስገን አይደለም፤ ሌላ የሚያመሰግነኝ ስለሌለ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። ከስልክ ቪዲዮ፣ ከወደቁ ሯጮችና ከራሴ ጉልበት ሕመም ነው የለቀምኩት። አንድ ሰው ከአዘዞ ሲሮጥ መጥቶ ፀዳ ያለው በሬ ላይ ሲደርስ፣ የጫማውን ድምፅ ብቻ ሰምቼ የቱ ዳሌው እንደሚያመው እነግረዋለሁ። አንዳንዴም ልክ እሆናለሁ።

ግቢዬ ጂም ነው። አሸዋ የሞሉ ጄሪካኖች አሉኝ፣ ድንጋይ ተጭኖበት የሚገፋ የበርሜል ቆርቆሮ አለኝ፣ አንድ ቦርሳ ሰፊ በቆሎ ሞልቶ የሰፋልኝ ከባድ ኳስ አለኝ። ድሮ አሥር አሥራ አምስት ወጣት ይመጣ ነበር። አንዱ ሥራ አገኘ፣ አንዷ አገባች፣ አንዱ ደግሞ «ይህን ሁሉ ድንጋይ ከምገፋ ያባቴን ማሳ ድንጋይ ብለቅም አይሻልም?» ብሎ ወደ አገሩ ገባ። እውነቱን ነው፣ ምን ይባላል። በመጨረሻ የቀረችው አንዲት ልጅ ናት።

ከዳባት ገጠር የመጣች ናት፤ አዘዞ አክስቷ ቤት ትኖራለች። እግሯ ዳገትና ሜዳ ለይቶ አያውቅም። ስለ አዲሱ ውድድር የነገርኳት እኔ ነኝ። ሩጫና ጉልበት የተቀላቀለበት ነው፦ አንድ ኪሎሜትር ትሮጫለሽ፣ ከዚያ ሸክም ትገፊያለሽ፤ ደግሞ ትሮጫለሽ፣ ገመድ ትጎትቻለሽ፤ ደግሞ ትሮጫለሽ፣ በሁለት እጅሽ ከባድ ነገር አንጠልጥለሽ ትሄጃለሽ። እንዲህ እያለ ስምንት ጊዜ ሩጫ፣ ስምንት ጊዜ ሥራ፤ ከስምንተኛው ሥራ ወጥተሽም እስከ መድረሻው ትሮጫለሽ።

«አያ፣ ይህማ የእኛ አገር ኑሮ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። «የሚያሸልም መሆኑን ነው ያልሰማነው።»

ዓመት ሙሉ አሠራኋት። እሷ ከሥራው ወጥታ ወደ ሩጫው ስትገባ እኔ ሁልጊዜ በግራ በኩል ግንቡን ተደግፌ ሰዓቴን ይዤ እቆማለሁ። በቀኝ በኩል የጎረቤት ውሻ አለ። «ሃያ ሰከንድ ተርፎሻል!» እላለሁ። ተርፏት ላይሆን ይችላል፤ ግን ስትሰማው ትፈጥናለች።

ውድድሩ አዲስ አበባ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ከአንድ እስከ ሦስት የወጡትን አንድ ክለብ ይወስዳል ተባለ። እሷ ሁለት ቀን ቀድማ ሄደች። ስትሄድ እንዲህ አልኳት፦ «ስምንቱንም ጊዜ መውጫው ላይ በግራ በኩል ታገኝኛለሽ። ነጭ ጋቢ ነው የምለብሰው። ስጮህ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማኛል፣ አንች ብቻ አይደለሽም።»

አልሄድኩም። የውድድሩ ቀን ማታ ስትደውል «ጭጋግ ሆኖ አውሮፕላኑ ቀረ» አልኳት።

«ምን ይደረግ አያ፣ የሰማይ ነገር» አለች። ከዚያ «አራተኛ ወጣሁ» አለችኝ።

«አራተኛ! ከዚያ ሁሉ ሕዝብ!»

«የሚወስዱት ሦስት ነው አያ» አለች። «ቪዲዮውን ልኬልዎታለሁ። የት ላይ እንዳጠፋሁ አይተው ይንገሩኝ። ከእግሬ ከሆነ ግን፣ እግር አይለወጥም። አባቴ ግቢ እያለኝ ነው፣ ዳባት እገባለሁ። እስከ እሑድ እጠብቃለሁ።»

«እሑድ? እኔ እኮ እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ድረስ አጥንትሽን ቆጥሬ እጨርሰዋለሁ!»

አራት ቀን ፈጀብኝ።

ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ጥፋት አሳቀኝ። መሬት ላይ ተዘርግተው እየተነሱ ወደፊት መዝለል የሚባል ሥራ አለ። ሕጉ ደረት መሬት ይንካ ነው። እኔ ያን ሳስተምራት «የስቅለትን ስግደት አስቢው» ብያት ነበር። ታዲያ ልጅቷ በዚያ በመብራት በተጥለቀለቀ አዳራሽ መሐል ልክ እንደ ስቅለት ትሰግዳለች፤ ግንባሯን አስነክታ ብድግ! ዳኛው እየሮጠ መጥቶ ደረቷን እያመለከተ ይመልሳታል። ትመለሳለች፤ ደግሞ ግንባር! ሦስት ጊዜ አስደገማት። ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅኩና የሚያየኝ ሰው እንዳለ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ጄሪካኖቹ ብቻ ነበሩ። እነሱ ቀልድ አይገባቸውም፣ ስንት ጊዜ ሞክሬአቸዋለሁ።

ግን ያ ብቻ አራተኛ አያደርጋትም። የቀረውን ሰዓት የበላው ሌላ ነገር ነው። ከየሥራው ወጥታ ወደ ሩጫው ስትገባ ስድስት ሰባት እርምጃ ያህል ቀዝቀዝ ትላለች፤ አንገቷ ወደ ግራ ይዞራል። አንዴ አይደለም፣ ስምንቱንም ጊዜ። አግኝቻታለሁ! አልኩ። ሦስት ገጽ ጻፍኩ፦ የአንገት ጅማት፣ የትከሻ መሳሳብ፣ የዓይን ሚዛን፣ የማላውቀውን ሁሉ። መድኃኒቱንም ሠራሁ። አንገት እንዳይዞር የሚይዝ ካርቶን ቆረጥኩና ለመሞከር ራሴ አንገት ላይ አሰርኩት።

መብራት ጠፍቶ ስለነበር ስልኬን ቻርጅ ላደርግ ጄኔሬተር ወዳለው ጨርቅ ነጋዴ ጎረቤቴ ሱቅ ሄድኩ። ካርቶኑን መፍታት ረስቻለሁ።

«ምነው፣ አንገትህን ሰበሩህ?» አለኝ።

«ሳይንስ ነው፣ አንተ አይገባህም።»

«ተቀመጥ እስቲ፣ ሳይንሱ።» ስልኩን ተቀብሎኝ አጠገቡ ከነበረው ጨርቅ ጥቅል ጋር አስደግፎ ቪዲዮውን ማየት ጀመረ። እኔ ስለ ጅማት እያስረዳሁ ነው። ሁለተኛውን መውጫ አየ፣ ሦስተኛውን አየ። ከዚያ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ «ወላሂ፣ ይች ልጅ ሰው ጠፍቶባታል» አለ።

«ምን?»

«ሰው እየፈለገች ነዋ። ልጄ ገበያ መሐል የጠፋብኝ ቀን እንዲህ ነበር የምዞረው።»

የሯጭ እግር አነባለሁ የምል ሰውዬ አራት ቀን ያላየሁትን፣ ጨርቅ የሚለካ ሰው በሦስት ደቂቃ አየው። ስልኩን ነጥቄው ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ፣ ካርቶኑን ፈትቼ፣ እሷን ትቼ እሷ የምታየውን ቦታ አየሁ። መውጫው ላይ በግራ በኩል የብረት አጥር አለ። አጥሩ ጋ አንድ ሰው የሚያስቆም ባዶ ቦታ አለ። በመጀመሪያው ላይ ስትዞር ፈገግ ብላ ነው። በሦስተኛው ፈገግታው የለም። በአምስተኛው አጥሩን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ፈለገችው። በስምንተኛው ዞር ብላ ወዲያው ተመለሰች፤ እንደማታገኝ እያወቀች።

ያን ቀን ጭጋግ አልነበረም። ሰማዩ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ ነበር። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄጄ፣ ጋቢዬን የያዘች ቦርሳ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ጠብቄአለሁ። አጠገቤ ወደዚያው ውድድር የሚሄዱ ሦስት አሰልጣኞች ነበሩ፤ ቱታ የለበሱ፣ መታወቂያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ። አንደኛው በጨዋ ደንብ «ጋሼ፣ እርስዎም አሰልጣኝ ነዎት? ሥልጠናውን የት ነው የወሰዱት?» አለኝ። ሊሰድበኝ አልፈለገም፤ ጨዋታ ነው የፈለገ። ይኼ ለሠርግና ለለቅሶ የማያርፍ አፌ አንድ ቀልድ አላገኘም። «አይ፣ ሰው ልሸኝ መጥቼ ነው» አልኩት። ያልኩትንም እውነት ለማስመሰል ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። በእግሬ ነው ፀዳ የገባሁት።

እሑድ ደወለች።

«አያ፣ ከእግሬ ነው?»

ብዙ ዓይነት መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ያ ሦስት ገጽ ራሱ አለ። «ከአንገትሽ ነው፣ እዚያው ሐኪም ጋ ሄደሽ አሳዪ» ብላት ማን ያውቅብኛል? ግን ጥፋቱ ከራሷ አካል ነው ብላ ዳባት መግባቷ ነው። ደግሞ ያን የፈለገችበትን አጥር ስምንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

«እግርሽ ሸጋ ነው» አልኳት። «እንዳንች ያለ እግር አላየሁም። ሰዓቱን የበላሁት እኔ ነኝ።» ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰማዩን፣ ቦርሳውን፣ አሰልጣኙን።

«ነጭ ጋቢ የለበሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ እኮ» አለች። «ሁለቱም እርስዎን አልሆኑልኝም።»

«ይቅርታ።»

«አሁን ምን ላድርግ?»

«የሚቀጥለውን ትሮጫለሽ። ደረትሽን መሬት ታስነኪያለሽ፤ ግንባርሽን ለቤተ ክርስቲያን ተይው። ስትወጪ ደግሞ ማንንም አትፈልጊ። እኔንም።»

«ቢመጡስ?»

«ብመጣም አትይኝ።»

ዳባት አልገባችም። ለሁለተኛው ውድድር እዚያው አዲስ አበባ ሆና፣ የሥልጠና ወረቀት ካላቸው አሰልጣኞች ጋር ሠራች። እኔም እቤቴ ነበርኩ፤ ያልኩትን አልኩ፣ ብሄድ የትኛው ዓይኔ ያያታል? ቪዲዮውን ላከችልኝ። «ሁለተኛ ወጣሁ አያ፣ ወሰዱኝ። ይዩልኝ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ደብተሬን አውጥቼ ተቀመጥኩ። ደረቷ መሬት ነካ። ከመጀመሪያው ሥራ ወጣች፤ አንገቷ ወደፊት። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ስምንቱንም ጠበቅኩ። አንዴ እንኳን አልዞረችም። ደብተሬ ላይ «አንገት፦ ሸጋ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሌላ የሚጻፍ ጥፋት ብፈልግ አጣሁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ጄሪካኖቹን ራሴው አነሳቸዋለሁ፣ ቀልዴንም ራሴው እስቅበታለሁ። ከአዘዞ በኩል የሚሮጥ ሰው የጫማ ድምፅ ስሰማ ግን አንገቴ ወደ በሩ ይዞራል። ካርቶኑን ያልጣልኩት ለዚያ ነው።